የደረት የዓመት ፈቃድ

ዲላ ላይ ሁለት ሰዎች መንገድ ሲገናኙ የሚጠያየቁት ስለ ጤና ይመስላል እንጂ ስለ ኪሎ ነው። «ሰላም ነው? ቤተሰብ? ሥራ?» ተብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ከተመለሰ በኋላ ጠያቂው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና ተጠያቂውን ከእግር እስከ ራሱ ይለካዋል። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ከሳህ!» ወይም «ወፈርክ!» ሦስተኛ አማራጭ የለም። «እንደነበርክ ነህ» የተባለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አዲስ አበባም ጎንደርም ያው ነው፤ ዲላ ላይ የሚብሰው ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አስፋልት የከተማዋ አደባባይም፣ ሳሎንም፣ ሚዛንም ስለሆነ ነው። እሱን አቋርጦ ሳይለካ የሚያልፍ የለም።

ለተራው ሰው ይህ ሰላምታ ነው፤ ሰምቶ ያልፈዋል። ብረት ለሚገፋ ልጅ ግን የዳኞች ውጤት ነው። መድረክ ላይ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይዳኛል፤ አስፋልቱ ላይ ግን በየቀኑ። እኔ እንደታዘብኩት ከሆነ በሁለት ውድድሮች መሀል «ትንሽ ልረፍ ወይስ ልቀጥል?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ጡንቻው አይደለም፤ አሰልጣኙም አይደለም። መንገደኛው ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። ስሙ ይቅር፤ ሰፈሩም ቢሆን የሚያውቀው በደረቱ ነውና «ባለደረቱ» እንበለው። በር ሲገባ ደረቱ ቀድሞ ይገባል፤ እሱ ትንሽ ቆይቶ ይከተላል። የሚሠራበት ጂም በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ግማሹ ብረት የፋብሪካ ሲሆን ግማሹ በአሮጌ የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶ በውሃ ቧንቧ ግራና ቀኝ የተተከለ ነው። በቀለም ብሩሽ «20» የሚል ተጽፎበታል። ሚዛን ላይ ያወጣው የለም፤ ማውጣትም ነውር ነው። መስታወቱ አንድ ብቻ ሲሆን ከወገብ በላይ ያሳያል። ይህን መስታወት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ብዙ ነገር ያስረዳል።

ባለደረቱ ለውድድር ሲዘጋጅ የቤቱ ኑሮ ሁሉ ይለወጣል። እሱ የእንቁላሉን ነጭ ብቻ ይበላል፤ አስኳል ደግሞ አይጣልም። ስለዚህ ታናናሾቹ ቁርስ አስኳል፣ መክሰስ አስኳል። ትንሿ እህቱ «እማዬ፣ ሌሎች ሰዎች እንቁላል ሲበሉ ነጩን ምን ያደርጉታል?» ብላ ጠይቃለች አሉ። እናቱ ወጥ ላይ ጨው እንዳትጨምር ታዝዛለች። «ጨው የሌለው ወጥ የታማሚ ነው፣ ምን አገኘብኝ ልጄ?» ትላለች፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻዎቹ ቀናት ውሃውንም ይቆጥባል፤ ይህኛው ሐኪም ቢሰማው ከውድድሩ በፊት ወደ ሆስፒታል የሚያስጠራ ነው። አናናስ መንገድ ዳር ተቆልሎ በሚሸጥበት፣ አቮካዶ ከዛፉ ወድቆ በሚለቀምበት አገር ሆን ብሎ መራብ ቀላል ጀብዱ አይደለም።

ውድድሩ ይመጣል፤ ዘይት ተቀብቶ ይወጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ተወጥሮ ይቆማል፤ ያበቃል። በማግስቱ ጃኬቱን ለብሶ፣ ሜዳሊያውን ኪሱ ከቶ ዲላ መናኸሪያ ይወርዳል። ፊቱ ጎድጉዷል፤ ጉንጩ አጥንቱ ላይ ተለጥፏል። ጡንቻው ጃኬት ውስጥ ስለሆነ አይታይም። የመጀመሪያዋ ጎረቤት አፏን በእጇ ትይዛለች። «እኔን! ምን አገኘህ? ተኝተህ ነበር እንዴ? አጥሚት ልላክልህ?» ሦስት ወር የለፋበት ሰውነት ከአንድ ቀን በፊት ተጨብጭቦለት ነበር። ዛሬ አጥሚት ታዘዘለት።

እውነቱን ለመናገር ጎረቤቲቱ ከሳይንስ ብዙም አልራቀችም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ አበረታች መድኃኒት የማይወስድ አንድ ወጣት ቦዲ ቢልደርን 12 ወራት ተከታትሏል፤ ስድስቱን ሲዘጋጅ፣ ስድስቱን ሲያገግም። የሰውነቱ ስብ ከ14.8 በመቶ ወደ 4.5 በመቶ ወረደ፤ እሰየው። ነገር ግን አርፎ በተቀመጠበት በደቂቃ 53 ጊዜ ይመታ የነበረው ልቡ ወደ 27 ወረደ። ቴስቶስትሮኑ ከነበረበት ሩብ ገደማ ቀረ። ጉልበቱም ደከመ፤ ሆርሞኑ በጥቂት ወራት ሲመለስ ጉልበቱ ግን በስድስት ወሩ እረፍት እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ እጅግ ብርቱ መስሎ በታየበት ሰሞን፣ በዓመቱ ውስጥ ከደከመባቸው ቀናት አንዱ ላይ ነበር። አጥሚቱ ቢላክም አይጎዳ።

ስለዚህ እረፍት ይገባዋል፤ ይህን ባለደረቱም ያውቃል። ከውድድር የተመለሰ ቀን «ወር ሙሉ ብረት አልነካም» ብሎ ያውጃል፤ እናቱ እልል ትላለች። ቆጮው በጎመን ይመጣል፤ ክትፎው ይመጣል፤ የቡላው ገንፎ በቅቤ ይመጣል። ጨው ተመልሷል፤ ጨው ደግሞ ውሃን ይዞ ነው የሚመለስ። በሳምንቱ ፊቱ ሞልቶ አስፋልት ላይ ይወጣል።

«ወፈርክ! ተመቸህ ማለት ነው!»

ይህ በእኛ አገር ምርቃት ነው። ወፈርክ የተባለ ሰው ቤቱ ጥጋብ ገብቷል፣ ትዳሩ ሰምሯል፣ አለቃው ተቀይሯል ማለት ነው። ባለደረቱ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ «ጠፋህ» የተባለ መስሎታል። ማታውኑ ጂም ነበር። «ልሠራ አይደለም፤ ሰላም ልላቸው ነው» አለ። ጂንስ ሱሪ ለብሶ ነው ሰላም ያላቸው። እግረ መንገዱን ሁለት ዙር ደረት ሠራ።

እረፍቱን የሚያከብድበት ሌላም ነገር አለ። ኦርቶዶክስ የሆነው የጂም ጓደኛው ዓቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ከእንቁላል፣ ከወተትና ከሥጋ ይለያል። ብረቱን ቢያቀል «ጾም ነው» ይላል፤ የሚከራከረው የለም። ባለደረቱ እንደ ብዙው የጌዴኦ ልጅ ፕሮቴስታንት ነው፤ በቀን መቁጠሪያ የተጻፈ ማሳበቢያ የለውም። ማረፍ ካሰበ በራሱ አፍ፣ በራሱ ኃላፊነት «ደክሞኛል» ማለት አለበት። ያን ያህል ደረት ይዞ ደግሞ ደክሞኛል አይባልም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ ለተቀጣሪ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ለደረት የተደነገገ አንቀጽ ግን የለም።

ጉዳዩ በዚህ ሁኔታ ወደ ኮሚቴው ይመራል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከጀበናዋ ጎን፣ ዱካ ላይ ነው። በቡና አገር ስብሰባ ያለ ቡና አይከፈትም፤ ከሦስተኛው ሲኒ በፊትም አይዘጋም። አባላቱ ፀጉር ቆራጩ፣ የባጃጁ ሾፌር፣ እንቁላል ሻጯ፣ ልብስ ሰፊውና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናቸው። ከመካከላቸው ከሲኒ የከበደ ነገር ያነሳ የለም።

ፀጉር ቆራጩ «ካረፍክ ጡንቻው ወደ ስብ ይቀየራል» ይላል። ጡንቻ ሌላ፣ ስብ ሌላ፣ አንዱ ወደ አንዱ የማይለወጥ ነገር መሆኑን ሊነግረው የደፈረ የለም፤ ሰውየው ምላጭ ይዟል። ተማሪው ስልኩ ላይ ያየውን ቪዲዮ ይጠቅሳል፤ ቪዲዮው «አረፍክ፣ ሞትክ» ይላል፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ ደግሞ «ካላረፍክ ትሞታለህ» ይላል፤ ተማሪው ሁለቱንም ወዷቸዋል። የባጃጁ ሾፌር ባለደረቱን ሲያሳፍር ጎማው ዝቅ ሲል ደስ ስለሚለው እንዲቀጥል ነው የሚፈልገው። ልብስ ሰፊው በሁለቱም በኩል ያተርፋል፤ ልጁ ለውድድር ሲቀጥን ኮቱን ያጠባል፣ ጥር ሲመጣና ሚዜ ሲሆን ደግሞ ያሰፋል። ስለዚህ ድምፀ ተዓቅቦ ያደርጋል።

ጠንካራዋ ተናጋሪ እንቁላል ሻጯ ናት። «እረፍት የሰነፍ ነው፣ የኔ ወንድም!» ትላለች፤ ሠላሳ እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን እያስተካከለች። የዱቤ ደብተሩ ከካርቶኑ ሥር ነው። ባለደረቱ ወር ሙሉ ቢያርፍ ከደንበኞቿ ትልቁ ይጎድላል፤ በዚያ ላይ ያለፈው ውድድር ዕዳ ገና አልተከፈለም። ሜዳሊያ ደግሞ እንቁላል አይመልስም።

የውጪውን ጥናት ለኮሚቴው ባቀርብለት አንድም አባል አይሰማኝም፤ እናንተ ስሙኝ። በአሜሪካ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሥራ ሰዎችን 16 ሳምንት ብረት አሠሯቸው። ከዚያ ልምምዱን ቀንሰው 32 ሳምንት አቆዩአቸው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ከቀድሞው ሥራ አንድ ዘጠነኛውን የሠሩት ወጣቶች ያዳበሩት ጡንቻ አልጎደለባቸውም። ሰዎቹ ተራ ሰዎች እንጂ ተወዳዳሪዎች አልነበሩም፤ ቢሆንም ጡንቻ በር በተዘጋበት ማግስት ሻንጣውን ይዞ እንደማይሰደድ ያሳያል። ሙሉ በሙሉ ለተወውም ቢሆን፣ ከመነሻው ይልቅ መመለሻው እንደሚቀል ብረት የገፋ ሁሉ ያውቀዋል።

ደግሞ ይህን ለማወቅ አላባማ ድረስ መሄድም አያስፈልግም ነበር። የባለደረቱ አባት ቡና ገበሬ ነው። ቡና አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ቀለል እንደሚል ወናጎም ይርጋጨፌም ያለ ገበሬ በልጅነቱ ይማረዋል። ዛፉ ሲያረጅ ደግሞ ይጎነድሉታል፤ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ በመጋዝ ይቆረጥና ከእንሰቱ ጎን፣ ከጥላው ዛፍ ሥር፣ ሁለት ሦስት ዓመት አንድ ፍሬ ሳይሰጥ ይቀመጣል። ዩኔስኮ መስከረም 2016 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህ ጉቶዎች አብረው ተመዝግበዋል። በጉቶው አጠገብ የሚያልፍ ሰው ግን «ምነው ከሳህ?» አይለውም። ቡናው ከልጁ የሚሻለው በዚህ ብቻ ነው።

አባትየው ስለ እረፍት አንድ ሌላ ነገርም ያውቃል። በጌዴኦ የባሌ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይዛወራል። አባ ገዳው ስምንት ዓመት መርቶ ለተተኪው ያስረክባል፤ «ገና ጉልበት አለኝ» ብሎ ዘጠነኛ አይለምንም። አሁን የቦዲ ቢልዲንጉን ዓለም ተመልከቱ። ሊ ሃኒ የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ሚስተር ኦሎምፒያን ስምንት ጊዜ በተከታታይ ወሰደና ገና በ31 ዓመቱ፣ እየቻለ፣ መድረኩን ለቀቀ። ጡንቻን ማነቃቃት እንጂ ማውደም አይገባም የሚለው ምክሩ እስካሁን ይጠቀሳል። የጌዴኦ ሽማግሌዎችን አግኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሒሳቡ ግን የእነሱ ነው። ሮኒ ኮልማንም እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 ስምንት ወሰደ። እሱ ግን ዘጠነኛውን ፈለገ፤ በ2006 ለጄይ ከትለር ተሸነፈ፤ በ2007 ደግሞ መጥቶ አራተኛ ወጣ። ዛሬ ከተደጋጋሚ የጀርባና የዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለ ክራንች መሄድ ያስቸግረዋል። በባለደረቱ ጂም ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፎቶ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ? የሮኒ ነው። ሊ ሃኒን «እሱ ማነው?» ይሉታል።

በባዕድ አንፍረድ። እኛም ቤት «አቆምኩ» ማለት የማቆም መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ጥቅምት 28 ቀን 2003 ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ማራቶኑን አቋረጠና እዚያው ሩጫ በቃኝ አለ። አገር አዘነ፤ ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረና አገር ተደሰተ። የምር ያቆመው ግንቦት 2007 ማንችስተር ላይ ነው። አበበ ቢቂላማ ጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ የሮጠው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነበር፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ፤ ሌላው ገና መንገድ ላይ ሳለ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ መሥራት ጀመረ። ይህን ታሪክ ሰምቶ ያደገ ልጅ «ትከሻዬን ቆጠቆጠኝ» ብሎ ቢያርፍ አያፍርም ትላላችሁ? ደራርቱ ቱሉ ልጅ ወልዳ አርፋ ተመልሳ በ1993 መስከረም ሲድኒ ላይ ወርቅ ስትወስድ ግን እረፍቷን ማንም ለምሳሌ አላነሳውም። ድሉን ነው የተረክነው።

ወደ ዲላ እንመለስ። ጥቅምትና ኅዳር ቡና ሲለቀም ከተማዋ ትሞቃለች፤ የጂም ክፍያ የሚከፈለውም፣ ዕዳ የሚቀለውም ያኔ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ መጋዘን ፊት ለፊት የጭነት መኪና ቆሟል፤ ጫኝና አውራጆቹ ለኤክስፖርት የሚሄደውን 60 ኪሎ ጆንያ ከትከሻ ወደ መኪና ያሻግራሉ። ባለደረቱ በዚያ ሲያልፍ ኮሚቴው አብሮት ነበርና ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም። ጃኬቱን አውልቆ ለፀጉር ቆራጩ ሰጠ፤ ጆንያውን አቅፎ፣ ትንፋሹን ስቦ፣ አንገቱ ተገታትሮ ትከሻው ላይ አወጣው። ተጨበጨበለት። ከሲታው ጫኝ ሙዙን ልጦ እየበላ ተመለከተውና «ጎበዝ ነህ፣ ወንድሜ። የቀረው ሁለት መቶ ነው» አለው።

ባለደረቱ ሳቀና ስለ እረፍት ጠየቀው፤ በሳምንት ስንት ቀን ታርፋላችሁ፣ ጡንቻችሁ መቼ ያገግማል በማለት።

«መኪናው ሲሞላ» አለ ጫኙ።

እንዲህ ያለ አጭር መልስ ኮሚቴውን አላረካውም። ጀበናዋ ጋ ተመልሰው እንደገና ተሰበሰቡ፤ ሻጯም ደብተሯን አወጣች።

በመጨረሻ አሰልጣኙ ተጠራ። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እሱ ራሱ በወጣትነቱ ብዙ የገፋ፣ አሁን አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ሰው ነው። የሁሉንም አስተያየት ሰማ፤ ቡናውን ጨረሰ፤ ከዚያ ልጁን ከፊቱ አቁሞ ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። አስፋልቱ ላይ እንደሚለኩት አይደለም፤ ከወገብ በታችም ተመለከተ። ያ የጂም መስታወት የማያሳየውን ማለቴ ነው። በዚያ ሰፊ ሱሪ ውስጥ ሁለቱ እግሮች፣ ደረቱ ስለ እረፍት ሲከራከር፣ እነሱ ከተወለዱ ጀምሮ ፈቃድ ላይ ነበሩ።

«ስማ» አለው። «ሁለት ወር ታርፋለህ። ደረት የለም፣ ክንድ የለም፣ ትከሻ የለም። ብላ፣ ተኛ፣ አባትህን ቡና ለቀማ እርዳ። ማንም ወፈርክ ቢልህ አመስግነህ እለፍ።»

ኮሚቴው ዝም አለ። እንቁላል ሻጯ ተቀየመች። ባለደረቱ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከደስታ ይሁን ከድንጋጤ አልለየሁም።

«በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ትመጣለህ» ሲል ቀጠለ አሰልጣኙ፤ «እሱንም እግር ትሠራለህ።»

ባለደረቱ ጃኬቱን ከፀጉር ቆራጩ ተቀበለና ቀስ ብሎ ለበሰው።

«አሰልጣኝ፣ የሚቀጥለው ውድድር መቼ ነበር ያሉት?»